የአጎቴ ንጹሕ ገንዳ

አጎቴን ድልድዩ ላይ ያገኘኋቸው በአንድ እጃቸው አፉ የተቆረጠ ጄሪካን አንጠልጥለው፣ በሌላው እጃቸው የኮታቸውን ጫፍ እላዩ ላይ ሸፍነው እየተጣደፉ ሲሄዱ ነበር። እኔ ለመሥሪያ ቤቴ ከወንዙ የውሃ ናሙና ቀድቼ መመለሴ ነው። ሰላም ልላቸው ጎንበስ ስል ከጄሪካኑ ውስጥ አንድ ነገር ተንቦጫረቀና ፊቴን ረጨኝ።

“ጋሼ፣ ምንድን ነው የያዙት?”

“ምንም።”

“ምንም ነው እንዲህ የሚዘለው?”

ግራና ቀኙን ገልመጥ አድርገው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ኮታቸውን ገለጥ አደረጉልኝ። ጣት የሚያካክሉ አሳዎች እርስ በርስ ይተራመሳሉ።

“ለገንዳው ነው፤” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “የእሷ ገንዳ አሳ ካለው የእኔስ ምን ያንሰዋል? በይ ነይ አብረን እንሂድ። ለማንም እንዳትናገሪ ታዲያ። በተለይ ለዚያች ለአክስትሽ።”

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሥራቸው ቆዳ ማልፋት ነው። አያቴ ሲያርፉ በወንዙ ዳር የነበረው ሰፊ የቆዳ ማልፊያ ግቢ ለሁለት ተከፈለና የታችኛው ለአጎቴ፣ የላይኛው ለታናሽ እህታቸው ለአክስቴ ደረሰ። አጎቴ እህታቸው ድርሻዋን ሸጣ የልብስ ሱቅ ትከፍታለች ብለው ነበር የጠበቁት፤ ለሰውም አውርተውት ነበር። አክስቴ ግን አልሸጡም። ግቢያቸውን አስቆፍረው ሦስት ገንዳዎች ሠሩና ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ ወደ ወንዙ መልቀቅ አቆሙ። ይህን ያየ አንድ የውጭ አገር ጫማ አምራች ኩባንያ ቆዳቸውን በጥሩ ዋጋ ይገዛቸው ጀመር። የኩባንያው ሰዎች መጥተው አክስቴን ገንዳው ዳር አቁመው ፎቶግራፍ ካነሷቸው ጊዜ አንሥቶ አጎቴ እንቅልፍ የላቸውም። “እመት ገንዳ” የሚል ስም ያወጡላቸውም እሳቸው ናቸው። ስሙ ግን እንዳሰቡት መሳለቂያ ሆኖ አልቀረም። የሰፈሩ ሰው በአክብሮት ይጠራበት ጀመር፤ ይህም ሌላ ሕመም ሆነባቸው።

ስለ ቅናት የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የአክስቴን ገንዳዎች ንድፍ ያወጣችው በዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች፣ አሁንም በምሠራበት የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ጎን ለጎን የምንቀመጥ ባልደረባዬ ናት። የተማርነው አንድ ነው፤ እሷ ግን ትናገራለች። እኔ ሐሳቤን በልቤ አሰናድቼ እስክጨርስ ስብሰባው ያልቃል። አክስቴ ባገኙኝ ቁጥር “እንዴት ያለች ወርቅ ልጅ መሰለችሽ!” ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ። ፈገግታው ጉንጬን ያመኛል።

የአጎቴ ግቢ በር ሲከፈት እንግዳን ቀድሞ የሚቀበለው ሽታው ነው። ጨው የተነሰነሰባቸው ጥሬ ቆዳዎች ከግድግዳው ሥር ተከምረዋል። ከእነሱ ቀጥሎ ቆዳው ፀጉሩን እንዲለቅ የሚዘፈዘፍባቸው የኖራ ጉድጓዶች አሉ፤ ረጅም የጎማ ጓንት ያጠለቁ ሠራተኞች ቆዳውን በመንጠቆ እያገላበጡ ይጯጯሃሉ። ከቆርቆሮው ጣሪያ በታች ትልልቅ የእንጨት በርሜሎች እያጓሩ ይሽከረከራሉ። ከበርሜሎቹ የሚወጣው ሰማያዊ ውሃ ከኖራው ጋር ተቀላቅሎ በቦይ ይወርድና በጓሮው አጥር ሥር ሾልኮ ወንዝ ይገባል። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አዲሱ ነገር በሩ እንደተከፈተ ፊት ለፊት የሚታዩት ሦስት ገንዳዎች ናቸው። ጠርዛቸው ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ በዙሪያቸው አበባ ተተክሏል፤ ውሃቸው ከመጥራቱ የተነሣ የወለሉ ሲሚንቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

“እህስ?” አሉ አጎቴ ደረታቸውን ነፍተው።

“ያምራል ጋሼ። ፍሳሹ በየት በኩል ነው የሚገባው?”

“የቱ ፍሳሽ?”

“የኖራውና የበርሜሉ።”

እንደ ተሰደበ ሰው አዩኝ። “አብደሻል እንዴ? ይህን የመሰለ ገንዳ ሠርቼ ያንን ግም ልድፋበት? ፍሳሹማ እንደ ድሮው በጓሮ ይሄዳል። ይህ የቧንቧ ውሃ ነው።”

“ታዲያ ገንዳው ለምን ተሠራ?”

“እንዲታይ ነዋ! የእሷን ያየ የኔንም ይይ። ነገ ያቺ የጫማ ኩባንያው ተቆጣጣሪ እኔ ጋ ትመጣለች። አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ። እንደ ልማድሽ እንዳታንሾካሹኪ፣ አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ።”

ይህን እያሉ ጄሪካኑን አንሥተው አሳዎቹን የመጀመሪያው ገንዳ ውስጥ ገለበጧቸው።

“ጋሼ፣ የመጀመሪያው ገንዳ እኮ…”

“የእሷ አሳ መጨረሻው ገንዳ ላይ ነው ያለው፤ የኔ ከመጀመሪያው ይጀምራል! እስቲ ከዚህ ትብለጥ!” እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉና ሌላ ወሬ ቀጠሉ። “ደግሞ ቅዳሜ የማኅበራችን ስብሰባ አለ፤ ከናንተ ቢሮም ሰው ይመጣል።”

የስብሰባውን ጉዳይ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ጥናቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ የባህር ማዶ ባለሀብት ከአክስቴ ግቢ በላይ፣ ወንዙ ከኮረብታው በሚወርድበት ቦታ፣ ትልቅ የቆዳ ፋብሪካ ለመክፈት መሬት ጠይቋል። ብዙ ሠራተኛ እንደሚቀጥር፣ የውጭ ምንዛሪ እንደሚያስገኝ ቃል ገብቷል። በምላሹ የጠየቀው ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፍሳሽ ማጣሪያ የመሥራት ግዴታ እንዲነሣለት ነው። ጽሕፈት ቤታችን ከመወሰኑ በፊት የቆዳ አልፊዎቹን ማኅበር አስተያየት መስማት አለበት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አጎቴ ናቸው።

“ምን ሊሉ አስበዋል?” አልኳቸው።

“ይፈቀድለት ነዋ! አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። አገር የሚያድገው ፋብሪካ ሲመጣ ነው።” ከዚያም ጠጋ አሉኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ የልጅ ተንኮል የመሰለ ነገር በራ። “የሱ ፍሳሽ ከላይ ቁልቁል ሲለቀቅባት፣ እመት ገንዳ ያን ጊዜ በምን ውሃ እንደምትኩራራ አያታለሁ።”

ልመልስላቸው የሚገባኝ ብዙ ነገር ነበር። ደህና ዋሉ ብቻ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ የኩባንያው ተቆጣጣሪ መጣች። ከመኪናዋ እንደወረደች ጫማዋን አውልቃ የጎማ ቦቲ አጠለቀች፤ ይህን ሲያዩ አጎቴ “ጭቃ የለም፣ ግዴለም በያት” አሉኝ። ተረጎምኩላት። ፈገግ ብላ ወደ መጀመሪያው ገንዳ ሄደችና ጎንበስ አለች። አሳዎቹ ከጥላዋ ሸሹ።

“ይህ የመጀመሪያው ነው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“የመጀመሪያው ነው በያት! ገና ከመጀመሪያው እንዲህ ነው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንማ ተዪው በያት!”

ይህንንም ተረጎምኩት። ሴትዮዋ ገንዳውን እንደገና ተመለከተች። “ዝቃጩ የታለ?”

ጥያቄዋን ለአጎቴ ስነግራቸው ሳቁ። “ዝቃጭ? እኛ ዘንድ ቆሻሻ የሚባል ነገር አይቀመጥም በያት። በየቀኑ ነው የሚታጠበው።”

ሴትዮዋ ቀና ብላ የበርሜሎቹን ቦይ በዓይኗ እየተከተለች እስከ ጓሮው አጥር ደረሰች። የቀረበላትን ሻይ ቀመስ አድርጋ አመሰገነች፤ ስትሰናበት ለእኔ ብቻ “የመጣሁት ቆሻሻው የት እንደሚቀር ለማየት ነበር” አለችኝ። መኪናዋ ከበሩ ወጥታ ሽቅብ፣ ወደ አክስቴ ግቢ ታጠፈች።

አጎቴ መኪናዋ የታጠፈችበትን አቅጣጫ ቆመው ካዩ በኋላ ወደ ውስጥ ገብተው የተከመረ ቆዳ ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

“እሷ ናት!” አሉ። “ቀድማ ለሴትዮዋ ሹክ ብላብኛለች።”

“ማንም አልነገራትም ጋሼ። የነገራት አሳው ነው።”

“አሳው ደግሞ ምን አላት?”

“‘እዚህ ፍሳሽ ገብቶ አያውቅም’ አላት። ፍሳሽ በሚገባበት የመጀመሪያ ገንዳ ውስጥ አሳ ሊኖር አይችልም። እዚያ ኖራው፣ ፀጉሩና ስቡ ይዘቅጣል፤ ከገንዳዎቹ ሁሉ መቆሸሽ ያለበት እሱ ነው። በሁለተኛው ውሃው አየር እየተነፋበት ይታከማል። አሳ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። እሱም ለጌጥ አይደለም፤ ከሞተ ማጣሪያው ተበላሽቷል ማለት ነው። እትዬ አሳውን ያስገቡት ምስክር እንዲሆንባቸው ብለው ነው።”

“ታዲያ ትናንት ምነው ያልነገርሽኝ!”

“ጀምሬ ነበር።”

“በየትኛው ድምፅሽ?”

ከዚያ አጎቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

“አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አይገባሽም። ታናሽ እህቴ ናት። እኔ ነኝ ቆዳ መፋቅ ያስተማርኳት፤ ቢላዋ አያያዝ እንኳ አታውቅም ነበር። አሁን ሰው እኔን መንገድ ላይ አቁሞ ‘የእመት ገንዳ ወንድም ነዎት አይደል?’ ይለኛል። ያን ስሰማ እዚህ ላይ የሆነ ነገር ይነድዳል።” ሆዳቸውን በጡጫቸው መታ መታ አደረጉ።

“እኔን እዚህ ላይ ነው የሚይዘኝ።” ጉሮሮዬን አሳየኋቸው።

“አንቺን? በማን?”

“ቅዳሜ ስለ ፋብሪካው ለማኅበሩ የሚቀርበውን ጥናት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የምታቀርበው ባልደረባዬ ናት። ለእትዬ ገንዳ የነደፈችላቸው ማለቴ ነው። ጥሩ እንደምትናገር አውቃለሁ። ደስ ይለኛል ማለት ግን አልችልም።”

አጎቴ ከብዙ ዘመን በኋላ የጠፋ ዘመድ ያገኙ ያህል ትኩር ብለው አዩኝ። ቆዳው ላይ ቦታ ለቀቁልኝና “ነይ ተቀመጪ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከልባችን መጫወት የጀመርነው።

“እስቲ እንግዲያው እንደ ሰው እንነጋገር” አሉ። “የዚያች ተቆጣጣሪ አያቶች ፋብሪካ ሲያቆሙ ወንዛቸውን ያጸዱ ነበር? ወንዛቸው በየቀኑ ቀለም ይቀያይር ነበር ይባላል። በዚያ በለጸጉ፤ ከበለጸጉ በኋላ አጸዱት። እኛን ግን ገና ማዕድ ሳንቀርብ ‘እጃችሁን ታጠቡ’ ይሉናል።”

“ጋሼ፣ እጅ የሚታጠበው ማዕድ ሳይቀርቡ አይደል እንዴ?”

ሳቃቸው አመለጣቸው። “ቀልዱን ተይው፤ ጥያቄዬን መልሺ።”

“ያሉት እውነት ነው። ርካሽ ቆዳ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው፤ የማጣሪያውን ወጪ ግን ለእኛ ይተዉታል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ መንግሥትም ስለ ንግድ ሲደራደር አንሥቶ ሊከራከርበት ይገባል። የእነሱ አያቶች ሲሸጡ ግን ‘ይህ ቆዳ ከየትኛው ወንዝ መጣ?’ ብሎ የሚጠይቅ ገዥ አልነበረም። ዛሬ አለ፤ ቅድም ቦቲ አጥልቃ እዚህ ቆማ ነበር። ‘ተራው የኛ ነው፣ እኛም እናቆሽሽ’ ብንል ተራውን የሚሰጠን የለም። ገበያው ይቀርና ቆሻሻው ብቻ ይተርፈናል።”

“ባለሀብቱስ? ከከለከላችሁት ጓዙን ጠቅልሎ ጎረቤት አገር ይሄዳል። እንጀራ የሚጠብቀውን ወጣት ማን ሊቀጥርልሽ ነው?”

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ እኛም ቢሮ ውስጥ ስንጠያየቀው የኖርነው ነው። ሥራ ለሌለው ሰው ስለ ወንዝ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ የመለስኩላቸው ቀስ ብዬ ነው።

“ይሂድ አላልኩም። ግን ለምን እንደሚመጣ እንጠይቅ። ቆዳችንን፣ ሠራተኛችንን ፈልጎ ከሆነ ማጣሪያ ሥራ ብንለውም ይመጣል። ወንዙን በነፃ ሊጠቀምበት ብቻ ከሆነ የሚመጣው፣ ወንዙን ሲጨርስ ይሄዳል። ያን ጊዜ እሱ የሚሄድበት አገር አለው። እርስዎ የት ይሄዳሉ? ደግሞ አገር ግብር ስትምረው ከካዝናዋ እንደሰጠች ታውቃለች። ወንዝ ስትሰጠው ግን የሰጠችው ከማን ጓዳ እንደሆነ አይታይም። ከእርስዎ ግቢ በታች ልብስ አጥበው የሚያድሩ ሴቶች አሉ፤ አትክልት የሚያጠጡ አሉ። ቅዳሜ የተጠራ አንድም ሰው ከእነሱ የለም። ከፋዮቹ ግን እነሱ ናቸው።”

“እኔም እኮ አፈስባቸዋለሁ” አሉ አጎቴ፣ ሳያስቡት እንዳመለጣቸው።

“አዎ ጋሼ።”

ፊታቸውን አዞሩ። ክርክሩ ስላልተመቻቸው ይሁን፣ ወይም እኔን ለማስደሰት፣ ከተሰቀሉት ያለቀላቸው ቆዳዎች አንዱን አውርደው ጉልበቴ ላይ ዘረጉት። “ይህን እዪ እስቲ። የእመት ገንዳ ቆዳ ከዚህ ይበልጣል? ድሮ ቆዳዬ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይወጣ እንደነበር ታስታውሺያለሽ? አሁን በመነጽር ብትፈልጊ አንድ አታገኚም። እጄ ነው!”

“ነጠብጣቡ መቼ ነው የጠፋው?”

“ማጠቢያው ላይ የነበረውን ሰነፍ ካባረርኩት ወዲህ።”

“እሱንስ መቼ ነው ያባረሩት?”

“እሷ ገንዳዋን ያስመረቀች ሰሞን። ከምርቃቱ ስመለስ ተናድጄ…” ንግግራቸው መሃል ላይ ቆመ።

አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ከኖራ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ነጩ ነጠብጣብ የሚመጣው ቆዳው ኖራ በበዛበት ውሃ ሲታጠብ ነው። የሚያጥቡትም ከወንዙ ቀድተው ነው። ወንዙ ደግሞ ወደ እሳቸው ከመድረሱ በፊት በአክስቴ ግቢ ሥር ያልፋል።

“እንግዲያው” አሉ በመጨረሻ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተቱ፣ “ይህን ሁሉ ጊዜ ቆዳዬን የምታጥብልኝ እሷ ናት?”

“ውሃው ነው።”

“ውሃውስ ከማን ግቢ ነው የሚወጣው!” ብድግ አሉ። “ያንን ምስኪን በከንቱ አባረርኩት ማለት ነው! ለሰውም ‘እጄ ነው’ እያልኩ… አቤት ስታውቅ! አውቃ ዝም ብላኝ ይሆናል እኮ! ስቃብኝ ይሆናል!”

እውነት የቅናትን እሳት ታጠፋለች ሲሉ እሰማለሁ። በአጎቴ ላይ ያየሁት ሌላ ነው፤ እሳቱ መጀመሪያ ባሰበት። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ሠራተኞቹ ተጠቃቀሱ። ሲመለሱ ግን ከጓሮው አጥር በታች የሚሾልከውን ሰማያዊ ውሃ ቆመው ያዩት ጀመር።

“ጋሼ፣ ቅዳሜ ‘ይፈቀድለት’ ካሉ የፋብሪካው ፍሳሽ ቀድሞ እትዬ ጋ ይደርሳል። ቀጥሎስ?”

እጃቸው በአየር ላይ መንገዱን አሳየ፦ ከኮረብታው ወደ እህታቸው፣ ከእህታቸው ወደ ራሳቸው ደረት።

“እትዬ የራሳቸውን ፍሳሽ ያጣራሉ። የፋብሪካውን ማጣራት አይችሉም። እሳቸውን ይጉዳ ብለው የጠሩት ጎርፍ ማረፊያው እዚህ ነው።”

“እሷን ላሰምጣት ብዬ…” አሉና ወንበር ከሥሩ እንደተሳበበት ሰው ቁጭ አሉ። “እሺ። እሺ ልጄ። ከእንግዲህ የጓሮውን ቦይ ልዝጋው እንበል። ማጣሪያ ግን ገንዳ ብቻ አይደለም፤ ፓምፑ፣ አየር መንፊያው አለ። ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። ቀረጡ ብቻ ያጎብጣል። ለዚያ ባለሀብት መሣሪያውን ያለ ቀረጥ ታስገቡለታላችሁ፤ እኔ ስጠይቅ ‘አንተ ትንሽ ነህ’ ትሉኛላችሁ።”

“እዚህ ላይ የተሳሳትነው እኛ ነን” አልኩ። ለመሥሪያ ቤቴ ጥብቅና ልቆምለት አልፈለግሁም። “ፖሊሲያችን በሩን ለእንግዳው በሰፊው ከፍቶ ለቤተሰቡ አጥብቦታል። እናንተም የምትጠይቁት ግን ከማጣሪያው ነፃ መሆንን ነው። መጠየቅ የነበረባችሁ ማጣሪያው ከቀረጥ ነፃ እንዲሆንላችሁ ነው። ለየብቻ መሥራት ካልተቻለ ደግሞ አንድ የጋራ ማጣሪያ ይሠራ፤ እርስዎ፣ እትዬ፣ ሌሎቹ የማኅበሩ አባላት፣ ባለሀብቱም እንደ ፍሳሹ መጠን እያዋጡ።”

“ከእሷ ጋር በጋራ?”

“ከእሳቸው ጋር።”

አጎቴ ኮፍያቸውን አጥብቀው አደረጉ። “መርዝ ብትግቺኝ ይሻላል” አሉኝ። እንቢ ግን አላሉም።

ቅዳሜ የማኅበሩ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። አክስቴ የፊት ረድፍ ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፤ ወንድማቸው ምን እንደሚሉ ሰፈሩ ሁሉ አስቀድሞ ስለሰማ ፊታቸውን አጥቁረዋል። ባልደረባዬ ጥናቱን አቀረበች። እንደ ወትሮዋ ጥርት አድርጋ ተናገረች፤ ጉሮሮዬን እንደ ወትሮው ያዘኝ። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ተነሡ።

“ወገኖቼ” አሉ አጎቴ። “እኔ በዚህች ሴት እቀናለሁ። ይህን የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።”

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ የተጣመረ እጃቸውን ፈቱ።

“ዛሬ ‘ለፋብሪካው ይፈቀድለት’ ልላችሁ ነበር፤ ለአገር አስቤ አይደለም፤ እሷን ይጉዳልኝ ብዬ ነው። አሁን ግን ሂሳቡ ገባኝ፤ እኔ ከሷ በታች ነኝ። ቆዳዬ ያማረው በሷ ውሃ ታጥቦ ነው። ይህን ስናገር እንዴት እንደሚያንገበግበኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ፋብሪካው ይምጣ፤ ማጣሪያውንም ይዞ ይምጣ። እኛም እንሥራ። መንግሥት ግን ለእሱ ያነሣለትን ቀረጥ ለኛም ያንሣልን።”

የባለሀብቱ ወኪል ዘለግ ያለ፣ ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነው። “አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ” አለ፣ “ማጣሪያው ከመጀመሪያው ይሠራ ከተባለ ወጪው ሥራውን አያዋጣውም። ደንበኛዬ ሌላ አገር ለማየት ይገደዳሉ።”

ባልደረባዬ ለመመለስ ድምፅ ማጉያውን አነሣች። አጎቴ ግን እጃቸውን ዘረጉ። “ልጄ፣ አንቺ ጥሩ ተናግረሻል። ይህን ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ትመልሰው። ጥናቱን የሠራችው እሷ ናት።”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ብድግ አልኩ። ድምፄ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ማጣሪያ ከፋብሪካው ጋር አብሮ ሲሠራ ኋላ ከሚጨመርበት እንደሚረክስ፣ ክሮም የተባለው የማልፊያ መድኃኒት ያለበት ሰማያዊ ውሃ ለብቻው ቢጠራቀም ተመልሶ ሥራ ላይ እንደሚውልና መድኃኒቱን በየጊዜው ከመግዛት እንደሚያድን፣ ዛሬ በነፃ የተለቀቀ ወንዝ ነገ ቆዳውን ራሱን ገዥ እንደሚያሳጣው ተናገርኩ። የጋራ ማጣሪያውንም ሐሳብ አቀረብኩ። ስቀመጥ ባልደረባዬ እያየችኝ ነበር። አስተያየቷን ወዲያው አወቅሁት። ለካ እሷንም ጉሮሮዋ ላይ ይይዛታል።

ጽሕፈት ቤቱ ባለሀብቱ ከማጣሪያ ግዴታ ነፃ ልሁን ያለውን ውድቅ አደረገ፤ የማጣሪያ መሣሪያ ለትልቁም ለትንሹም ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ወሰነ። ወኪሉ እንደዛተው ሌላ አገር ሄዶ አየ። እንደዚህ ያለ ቆዳ በዚያ ስላላገኘ ይሁን፣ እዚያም ገዥዎቹ ያንኑ ስለጠየቁት ይሁን አላውቅም፣ ተመልሶ መጥቶ የጋራውን ማጣሪያ ትልቁን ድርሻ ለመክፈል ተስማማ። አጎቴ የጓሮውን ቦይ በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈኑት፤ ያባረሩትንም ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ሄደው መለሱት። ማጣሪያው እስኪያልቅም የግቢያቸው ፍሳሽ በሦስቱ ገንዳዎቻቸው ይጠራቀም ጀመር። በታች በኩል ያሉት ልብስ አጣቢዎች ነጭ ልብስ ነጭ ሆኖ መውጣት ጀመረ ይላሉ። በፋብሪካው ከሚቀጠሩት መካከል የመንደራችን ወጣቶች ስም ተጠርቷል። አገር ንግዷንና ኢንቨስትመንቷን ከወንዟ ጋር አስማምታ ብትይዝ የምታገኘው ይህን ነው፦ የሚቆይ ባለሀብት፣ የማይሸሽ ገዥ፣ ከታች ያለውን የማያስለቅስ ሥራ። ተቻኩላ ወንዟን መርቃ ብትሰጥ ግን ሁለቱንም ታጣለች፤ ገንዘቡ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ወንዙ አይመለስም።

የኩባንያው ተቆጣጣሪ ዳግመኛ የመጣች ቀን ለጋራው ማጣሪያ ቦታ የሚመረጥበት ቀን ነበር። ከመኪናዋ ስንወርድ የሁለቱ ወንድምና እህት ጩኸት ከአጥሩ ማዶ ይሰማል።

“ቁልቁለቱ ወደኔ ነው!” ይላሉ አጎቴ። “ዝቃጩ ሁሉ መውረድ ያለበት እኔ ግቢ ነው!”

“ጋሼ፣ አትድከም!” ይላሉ አክስቴ። “ይህን ነገር የጀመርኩት እኔ ነኝ። አንድ አካፋ ዝቃጭ ከኔ አይወጣም!”

“ሁልጊዜ አንቺ! ሁሉ ነገር ላንቺ!”

ተቆጣጣሪዋ ደንግጣ ክንዴን ያዘችኝ። “ምን ሆነው ነው የሚጣሉት?”

“የቆዳ አልፊው ሁሉ ቆሻሻ በማን ግቢ ይከማች እያሉ ነው” አልኳት።

“ያሳዝናል። ሁለቱም እምቢ አሉ?”

“ኧረ ሁለቱም ‘ለኔ ይሁን’ ብለው ነው።”